ሐይቁና መንገዱ፦ የባሕር ዳር መሐል ከተማ እንዴት ተሠራ

ባሕር ዳርን የሚወድ ሰው ታሪኳን በቁርጥራጭ ያውቀዋል። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የድሮ ግምብ አለ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከጣሊያን ካሣ መጣ። የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙን ሶቪየት ኅብረት አሠራችው። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ። ዘንባባው ያምራል። አንዱ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። እኔ እንደማየው እነዚህን ሁሉ የሚያያይዛቸው አንድ የቆየ ክርክር ነው፤ ከተማዋ የሐይቁ ናት ወይስ የመንገዱ? እያንዳንዱ ዘመን መልሱን በጭቃ፣ በኖራ ወይም በሲሚንቶ ሰጥቶ አልፏል።

ከ17ኛው መቶ ዘመን በፊት፦ በታንኳ የሚደረስበት ደብር

ጣና ላይ ከከተማ በፊት ቤተ ክርስቲያን ታንጿል። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ በደሴቶቹ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም በዘጌ ልሳነ ምድር ተተከሉ። የአካባቢው ሰው ምርጥ እንጨቱን፣ ምርጥ አናጢውንና ሠዓሊውን ለእነሱ ሰጠ። የሐይቁ አብያተ ክርስቲያናት አሠራር እስከ ዛሬ ይታወቃል፤ ክብ ግድግዳ፣ ሣር ክዳን፣ በመካከል አራት ማዕዘን መቅደስ፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሥዕል። የምእመኑ ቤት ግን ጭቃና እንጨት ነበር። ከጥቂት ክረምት በኋላ ይፈርሳል፣ ጎኑ ላይ ሌላ ይሠራል።

መገናኛው ውኃው ነበር። ነገደ ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ሰዎች ከደንገል ታንኳ ያስራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ጉማሬ ያድናሉ። የዘጌ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ፣ እንዲሁም ማገዶው በታንኳ ተጭኖ ወደ ማዶ ይሻገራል። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደቡቡ ዳርቻ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር ነበረ፤ ሰፈሩንም የወለደው ይኸው ደብር ነው። ካህናቱና የደብሩ መሬት ተጠቃሚዎች በዙሪያው ሰፈሩ፣ ወይጦዎቹም ከውኃው ጠርዝ ላይ ጎጇቸውን ቀለሱ። ቦታው ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ተባለ። የከተማዋ የመጀመሪያ መሐል እንግዲህ ይህ ደጀ ሰላም ነው፤ ፊቱም ወደ ሐይቁ ነበር።

ከ1595 እስከ 1624 ዓ.ም.፦ ኖራና ጠርብ ድንጋይ

በ1595 ዓ.ም. ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ስፔናዊ ነው፤ አማርኛና ግእዝ ተምሯል፤ ከዐፄ ሱስንዮስም ጋር ተወዳጅቷል። በሚያዝያ 1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ሆኖ ግሽ ዓባይን አይቶ ጽፏል። ለሐይቁ ዳርቻ ትልቁ ነገር ግን የግንባታ እውቀቱ ነበር። በሰሜኑ ዳርቻ በጎርጎራ ለንጉሡ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠራ። በዚያው ዘመን ኖራ በሥራ ላይ ዋለ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተጣብቆ ፎቅ መሸከም ቻለ። ግንበኞቹ ደግሞ በአብዛኛው ያገሬው ሰዎች ነበሩ፤ ሙያውን በእጃቸው ይዘው ቀሩ።

በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ግቢ ያለውን ባለ ፎቅ ግምብ የአካባቢው ትውፊት ለፓኤዝ ይሰጠዋል። ፓኤዝ በእጁ ሠራውም አልሠራውም ግምቡ የዚያ የኖራ ዘመን ቋንቋ የሚናገር፣ ዛሬ በመሐል ከተማው ከቆሙት ሕንፃዎች ሁሉ የሚበልጥ ሽማግሌ ነው። ከጢስ ዓባይ በታች ያለው የአላታ የድንጋይ ድልድይም የዚሁ መቶ ዘመን ልጅ ነው። ሰው ሲያወራ ኖራው በእንቁላል ተለውሶ ነው ይላል።

የግምቡ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ተቋረጠ። ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. ካቶሊክነቱን በይፋ አሳወቀ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ጎርጎራ ላይ አረፈ። ሐይቁ የተቃዋሚዎች መጠጊያ ሆነ። ከቤተ መንግሥት ባለሟል ትዳሯ ወጥታ የመነኮሰችው ወለተ ጴጥሮስ ተከታዮቿን በጣና ዙሪያ አሰባሰበች። በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ኢየሱሳውያኑም በኋላ ተባረሩ። ከጎርጎራ አጠገብ የነበረው ታላቁ ሕንፃቸው ማርያም ግምብ ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ። የኖራው ሙያ ግን አልተባረረም። ፋሲለደስ ጎንደርን ሲመሠርት ያው እውቀት ወደ ሰሜን ሄዶ ቤተ መንግሥት ሆነ። ባሕር ዳር የደብር ሰፈር ሆና የቀረችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ መንግሥቱም ገበያውም ጎንደር ከተተ።

19ኛው መቶ ዘመን፦ ቆራጣ፣ የተረሳችው የነጋዴ ከተማ

በሐይቁ ዳርቻ የነጋዴ ከተማ አልነበረም የሚል ሰው ቆራጣን ረስቷል። በደቡብ ምሥራቁ ዳርቻ ያለችው ቆራጣ የወለተ ጴጥሮስ ደብር ናት። በስሟ ምክንያት መማጸኛ ስፍራ ነበረች፤ ወደ ደብሩ የገባ ሰው አይነካም። ለነጋዴ ከዚህ የበለጠ ዋስትና የለም። በጦርና በዘረፋ ዘመን ንብረቱን የት እንደሚያኖር የሚጨነቅ ነጋዴ እዚያ ሰፈረ። ከጎንደር በይፋግ አድርጎ ወደ ጎጃሙ ባሶ ገበያ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ ቆራጣን ያውቃታል። በቅሎው በየብስ፣ የዘጌ ቡና በታንኳ እየመጡ እዚያ ይገናኙ ነበር። አሞሌ ጨውና ማርያ ቴሬዛ ብር ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። ቆራጣ ሐይቁንም መንገዱንም በአንድ ላይ የያዘች ከተማ ነበረች።

ቆራጣ ለምን ወደቀች? ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በዘጌና በቆራጣ አካባቢ ሲሰፍሩ ሠራዊቱን ተከትሎ ኮሌራ ገባ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም በዚያ ዓመት ቆራጣ ተቀምጦ ነበር። በኋላም በየተራው የመጣው ጦርነት የጎንደርን ንግድ አዳከመው፤ የጎንደር ጥላ የነበረችው ቆራጣም አብራ ቀዘቀዘች። የነጋዴዎቿ ቤት ከጭቃና ከእንጨት ነበርና በነጋዴዎቹ ገንዘብ የቆመ አንድ አደባባይ፣ አንድ የገበያ አዳራሽ አልቀረልንም። ይህ ያንገበግበኛል። የሀብት ከተማ ነበረች፤ ምስክሯ ግን የደብሩ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

ከ1894 እስከ 1928 ዓ.ም.፦ ያልተሠራው ግድብ

ከዚያ በኋላ ዓለም የባሕር ዳርን ስም ያነሣው በውኃው ምክንያት ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ በተዋዋሉት ውል የአባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ተባለ። እንግሊዞች ለሱዳንና ለግብፅ ጥጥ የሚሆን ውኃ ፈልገው ጣና ላይ ግድብ ሊያቆሙ አሰቡ፤ መሐንዲሶቻቸው ሐይቁን ለኩ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ በበኩላቸው በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህን ወደ ኒውዮርክ ልከው ከአሜሪካው የጄ ጂ ዋይት የምሕንድስና ኩባንያ ጋር አነጋገሩ። ግድቡ አልተሠራም። ነገር ግን የደብሩ ሰፈር በካርታና በመሐንዲስ ደብተር ላይ ገባ። ከእንግዲህ ወዲያ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ መንግሥት ሁሉ የሚመጣው በአባይ መውጫ ምክንያት ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፦ ወደቡና ማረፊያው

የጣሊያን ጦር በ1928 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ ባሕር ዳር ገባ። ቦታውን የመረጠው ለጦር ነው፤ አባይን መሻገሪያ ነው፣ ሐይቁ ወደ ጎርጎራ ያሻግራል፣ ሜዳው አውሮፕላን ያሳርፋል። የጦር ሰፈር፣ የአስተዳደር ቤቶች፣ የአውሮፕላን ማረፊያና የጀልባ ወደብ ተሠሩ፤ በሞተር የሚሄድ ጀልባ በጣና ላይ ጉዞ ጀመረ። ሱቆችና ሻይ ቤቶች ወታደሩን ተከትለው መጡ። ቆርቆሮ ክዳን በሣር ክዳን መካከል ብቅ አለ።

ወረራው ሰው የገደለ፣ አገር ያቃጠለ ነው፤ የጎጃም አርበኞች አንድ ቀን እንኳ ዕረፍት አልሰጡትም። በዚህ ታሪክ ላይ ያመጣው ለውጥ ግን መነገር አለበት። እስከዚያ ድረስ ሰፈሩ የተሳሰረው ከደጀ ሰላሙ እስከ ውኃው ነበር። አሁን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያልፍ የመኪና መንገድ መጣና ቤቶቹ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ወደ መንገዱ ዞሩ። በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ባሕር ዳርን ለቆ ወደ ጎንደር ሲሸሽ መንገዱ እንዳለ ቀረ።

ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ በወረቀት ላይ የተነደፈች ከተማ

ከነጻነት በኋላ ባሕር ዳር ለጥቂት ዓመታት ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ ሆና ቆየች። የጎጃም ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ደብረ ማርቆስ ነበረ። ታላቁ መታጠፊያ የመጣው በ1948 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጣሊያን በጦር ካሣ ላይ ሲስማሙ ነው። ከካሣው ከተሠሩት ታላላቅ ሥራዎች አንዱ የቆቃ ግድብ ሲሆን ሌላው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. በአባይ ዳር ሥራ ጀመረ። ወራሪው ጦር የሰፈረባት ከተማ በወራሪው አገር ገንዘብ የኢንዱስትሪ ከተማ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ሥራው በላይ በላዩ ሆነ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የፖሊ ቴክኒክ ተቋም («ፖሊ») ተከፈተ። በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀምሮ ፋብሪካውም ከተማውም መብራት አገኙ። ቀጥሎ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የትምህርት ሙያ አካዳሚ ተቋቋመ፤ ሰዉ ዛሬም «ፔዳ» ይለዋል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ፣ አባይ ከሐይቁ ሲወጣ ቁልቁል የሚታይበት ቦታ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ታነጸ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዋና ከተማውን ወደ ባሕር ዳር ሊያዛውሩ አስበው ነበር የሚለው ወሬ የዚያን ጊዜ ነው። የሥራውን ብዛት የሚያይ ሰው ወሬው ለምን እንደታመነ ይገባዋል።

በዚሁ ዘመን የጀርመን ባለሙያዎች ለከተማዋ መሪ ፕላን ነደፉ። ባሕር ዳርን ባሕር ዳር ያደረጋት ይህ ፕላን ነው ብዬ አምናለሁ። አብዛኞቹ ከተሞቻችን የበቀሉት ከቤተ መንግሥት፣ ከገበያና ከደብር ዙሪያ እንደ ዱር ነው፤ መንገዱ ከቤቱ በኋላ ይመጣል። እዚህ መንገዱ ቀደመ። ሰፊ ጎዳናዎች ተቀየሱ፣ መካከላቸው ዘንባባ ተተከለበት፣ ዛፍ ለጥላ ቆመ። ፋብሪካው ለብቻ፣ ትምህርት ቤቱ ለብቻ፣ መኖሪያው ለብቻ ቦታ ተሰጠው። መኪናው መንገዱን ከወሰደ ወዲህ ጀርባዋን ለውኃው የሰጠችውን ከተማ እንደገና ወደ ሐይቁ ለማዞር የታሰበበት የመጀመሪያ ጊዜም ይኸው ነው።

የሕንፃዎቹም መልክ ተለወጠ። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ፣ ፀሐይ የሚከላከል በረንዳ ያላቸው፣ ነፋስ የሚያስገባ ሰፊ መስኮት ያላቸው፣ ጌጥ የማያበዙ ሕንፃዎች ቆሙ። የጣና ዳር ሙቀት ከአዲስ አበባው ብርድ የተለየ ነውና በረንዳው ለመልክ ሳይሆን ለኑሮ ነበር።

እዚህ ላይ ከእንግሊዝ ከተሞች ጋር ማነጻጸሩ ይጠቅማል። ማንቸስተር በጥጥ ከብራ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1877 የተጠናቀቀውን ባለ ማማ የማዘጋጃ ቤት አቆመች። እዚያ ነጋዴው ቀደመ፣ የከተማው አደባባይ የእሱን ኩራት ተከትሎ ተሠራ። ባሕር ዳርም የጥጥ ከተማ ናት፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። መንግሥት ፋብሪካውን ተከለ፣ ሠራተኛ ሰበሰበ፣ ፕላን አስነደፈ፤ ደመወዝ በወር በወር መውጣት ሲጀምር ባለ ሱቁ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጠጅ ቤቱና ሆቴሉ ተከተሉ። ቅዳሜ ገበያም በዚያ ደመወዝ ደረጀ። ስለዚህ በመሐል ከተማው ዕድሜ የጠገበ ትልቅ ሕንፃ ፈልጎ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የነጋዴ ሕንፃ ሳይሆን የመንግሥት ሕንፃ ነው።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ የቆመው ግንባታ

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ተሰጠ። ኪራይ መቀነሱ ለድሃው እፎይታ ነበር። ነገር ግን ቀበሌው በሚሰበስበው ጥቂት ብር ጣሪያ አይቀየርም፣ ግድግዳ አይለሰንም። ነጋዴውም የራሱ የማይሆነውን ሕንፃ አይሠራም። የመንገድ ዳር ሱቆቹ እንዳሉ አረጁ።

ፕላኑ ግን አልተቀደደም። ጎዳናዎቹ ስፋታቸውን ጠበቁ፣ ዘንባባው አደገ። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ ወደ 55 ሺህ ገደማ ነበር፤ ሰፊ ልብስ የለበሰች ትንሽ ከተማ ነበረች። በደርግ ዘመን መጨረሻ የምዕራብ ጎጃም አስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ ጦር ሰፈረባት፤ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በኢሕአዴግ እጅ ገባች።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ፦ የክልል መዲና

ባሕር ዳር የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ስትሆን ዋና ከተማ ትሆናለች የሚለው የንጉሡ ዘመን ወሬ በሌላ መንገድ ተፈጸመ። ቢሮዎች፣ ምክር ቤት፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል፣ የሰማዕታት ሐውልት ተራ በተራ ቆሙ። ፖሊና ፔዳ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ሕዝቡ በ1987 ቆጠራ 96,140 ነበር፤ በ1999 ቆጠራ 155,428 ደረሰ። ዩኔስኮም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የከተሞች የሰላም ሽልማቱን ሰጣት፤ ፈጣን የከተማ ዕድገትን ለመቋቋም ያደረገችው ጥረት ታይቶላት ነው።

የመሐል ከተማውን መልክ ከሁሉ ይበልጥ የለወጠው የሊዝ ሕግ ይመስለኛል። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ በ1986 ዓ.ም. ወጣ። ቦታ ዋጋ አገኘ፤ በዋና መንገድ ዳር ዝቅ ያለ ቤት መሥራት አያዋጣም። ባለ መስታወት ፎቅ በበረንዳው ሕንፃ ቦታ መጣ። ምድር ቤቱ ባንክ፣ አንደኛው ፎቅ ካፌ፣ ከዚያ በላይ ቢሮ ወይም ሆቴል ይሆናል። የጣና ፀሐይ በመስታወቱ አልፎ የሚያግለውን ክፍል ቬንቲሌተር ያበርደዋል። በ1950ዎቹ የሠሩት ሰዎች በረንዳ ያወጡበትን ምክንያት ዛሬ የመብራት ሒሳቡ ይነግረናል።

የሐይቁ ዳርቻ ነገር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ቱሪስቱ ሲበዛ ሆቴልና መዝናኛ ወደ ውኃው ጠርዝ ወረደ። ከተማዋ እንደገና ወደ ሐይቁ ዞረች፤ ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ በአጥር በኩል ነበር። ሐይቁን ማየት የፈለገ ሰው ሻይ ማዘዝ ነበረበት። የውኃው ጠርዝ ራሱ እንደ ድሮው አልሆነም። ያ በ1894 ውል የተነሣው ሐይቁን የመግታት ሐሳብ በ1988 ዓ.ም. ጨራጨራ ላይ በትንሹ ተፈጽሞ የአባይ መውጫ በር ተበጀለት፤ ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ ከዝናብ በተጨማሪ በኃይል ማመንጫው ፍላጎትም ይወሰናል። በ1995 ዓ.ም. ውኃው በጣም ወርዶ የጀልባ ጉዞ እስከመስተጓጎል ደርሷል።

በቅርቡ ሁለት ነገሮች መሐል ከተማውን እንደገና እየሠሩት ነው። አንዱ የኮሪደር ልማቱ ነው፤ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሰፋ፣ የሐይቁ ዳርቻ ለሕዝብ መከፈት ጀመረ። ብስክሌት የኑሮ አካል ለሆነባት ከተማ ይህ ተገቢ ነው። በዚያው መጠን ግን በመንገድ ዳር የቆሙ አሮጌ ቤቶች ይነሣሉ፤ የትኛው ይቆይ የሚለው ጥያቄ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ሊመለስ ይገባል። ሌላው በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ነው፤ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከተማዋን የተሸከመው አሮጌው ጠባብ ድልድይ ዕረፍት አገኘ። ክልሉ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በግጭት ውስጥ በመሆኑ እንግዳው ቀንሷል፤ ግንባታው ግን ወደ ወንዙ ማዶ መሻገሩን አላቆመም።

የጊዮርጊስን ግምብ ደብሩ ይጠብቀዋል፤ የሐይቁን ገዳማት መነኮሳቱ ይጠብቋቸዋል። የ1950ዎቹ ሥራዎች ግን፣ የጨርቃ ጨርቁ አዳራሾች፣ የፖሊ የመማሪያ ሕንፃዎች፣ በረንዳ ያላቸው የመንገድ ዳር ቤቶች፣ ማንም ቅርስ ብሎ አይጠራቸውም፤ ዕድሜያቸው ለሽምግልና አልደረሰም ይባላል። የፋሲለደስ ግምብም አንድ ጊዜ የ60 ዓመት ሕንፃ ነበረ። ዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች አሉት፤ ከተማ አስተዳደሩ መዝገብ አለው። ተማሪዎቹ እነዚህን ሕንፃዎች አንድ በአንድ ለክተው፣ ሥለው፣ ፎቶ አንሥተው ቢመዘግቡና አስተዳደሩ የማፍረሻ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ያን መዝገብ ቢያይ ሥራው በጥቂት ሴሚስተር የሚያልቅ ነው። መጀመር ያለበትም ከጨርቃ ጨርቁ ነው፤ የዛሬዋ ከተማ የተወለደችው እዚያ ነውና።